የጣሪያ ላይ የንፋስ ጄኔሬተር ንዝረትን እንዴት እንደቀነስኩ

ቤቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ጣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ የንፋስ ጄኔሬተር መለስተኛ ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮውን ታስጮኸው፣ የቡፌውን ብርጭቆ ታንቀጫቅጨው ነበር። ነፋሱ ሲበረታ ግን ጩኸቱ ይቀንሳል። ችግሩ ኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ ፍጥነት ሲጨምር ይብስ ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ምሰሶው ላይ ነበር፤ የክንፎቹ ዙረት ከምሰሶው የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት ጋር ሲገጥም ሬዞናንስ ይፈጠራል፤ ማለትም ንዝረቱ እየተደራረበ ይጎላል።

መጀመሪያ ክንፎቹን ፈትቼ አጠብኳቸው (የድሬ አቧራ መቼም አይታማም)፣ ከዚያ በቅመም ሚዛን መዘንኳቸው። ቀለል ያለው ላይ ቴፕ ለጥፌ እኩል አደረግኩ። ትንሽ የክብደት ልዩነት አትናቁ፤ ዙረቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጥረው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል።

ዋናው ሥራ እግሩ ላይ ነው። ከምሰሶው መቀመጫ ሥር ወፍራም ጎማ አነጠፍኩ። ይህ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ቡሎኑ ብረት ከብረት ካገናኘ ንዝረቱ በእሱ በኩል ይወርዳል። ስለዚህ ቡሎኑን በላስቲክ ቱቦ አልብሼ፣ ከሮንዴላው ሥርም ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ ጨመርኩ። ዳዶውን ጎማው እስኪጨፈለቅ አታጥብቁት፤ የተጨፈለቀ ጎማ እንደ ድንጋይ ነው። እንዳይላቀቅ ሁለተኛ ዳዶ ደርቡበት።

በመጨረሻ ምሰሶውን ከወገቡ በላይ በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ወጠርኩት። ሲጠነክር የመወዛወዝ ፍጥነቱ ከፍ ይላል፣ በመለስተኛ ነፋስም አይገጥምም። በሸራ ጀልባ ላይ የሚተክሉትም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ እዚያ ንዝረቱ የሚወርደው መኝታ ክፍል ላይ ነው።

አሁን ብርጭቆው ዝም ብሏል። ጎማውን ፀሐይ ስለሚያደርቀው በየክረምቱ መግቢያ እያየሁ እቀይራለሁ።