ሆድ ሲበላሽ ከጓዳ የምናነሳው፣ የምንሳሳትበትም

ባለፈው ክረምት እኛ ቤት ሰው ሁሉ ተራ በተራ ወደቀ። መጀመሪያ የእህቴ ልጅ ማስመለስ ጀመረ። ከዚያ እናቱ፣ ከዚያ እኔ። አክስቴ ብቻ ደህና ሆነች። እኔ ባልዲ ታቅፌ ተቀምጬ "አንተ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ፌጦ ብትጠጣ ኖሮ እንዲህ ባልሆንክ" አለችኝ። በማግስቱ እሷም ተኛች።

ሐዋሳ ውስጥ ሆዱ የተበላሸ ሰው ምክር አያጣም። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ የቡና ዱቄት በማር። "ትንሽ አረቄ ቅመስበት" የሚልም አይጠፋም። አብዛኞቹን ሞክሬያለሁ። ዝንጅብሉን አሁንም እወደዋለሁ። ተቅማጥና ትውከቱን ያመጣው ቫይረስ ሲሆን ግን ብዙ ነገር እንሳሳታለን።

ትልቁ ስህተት የጓዳው መድኃኒት "ቫይረሱን ይገድለዋል" ብሎ ማመን ነው። ነገሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካርቫክሮል የተባለ የዕፅዋት ዘይት፣ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣውን የኖሮቫይረስን ሽፋን እንደሚያፈርስ አሳይተዋል። ካርቫክሮል የእኛ ጦስኝ ውስጥም አለ። ይኼኔ "አላልኳችሁም!" የሚል ይኖራል። ቆይ ግን። ሙከራው የተሠራው በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ ነው። ቫይረሱም የአይጥ ነው። የሰውን ኖሮቫይረስ ላቦራቶሪ ውስጥ በአግባቡ ማራባት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ቫይረሱ የትንሹ አንጀት ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ነው የሚባዛው። አንድ ስኒ የጦስኝ ሻይ እዚያ ድረስ ገብቶ፣ ያውም በዚያ መጠን፣ አይደርስበትም። ጦስኙን ጠጡት፣ ደስ ይላል። መድኃኒት ነው ብላችሁ ግን አትመኑበት።

ታዲያ ለምን "አዳነኝ" የሚል ሰው በዛ? ኖሮቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን የጠጣነው ሁሉ ፈዋሽ ይመስላል። የእህቴ ልጅ በሦስተኛው ቀን የበላው ብስኩት ነበር። ብስኩቱን ያመሰገነ ግን የለም።

ሁለተኛው ስህተት የቆሰለ ሆድ ላይ ኃይለኛ ነገር መጨመር ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ አረቄ። አረቄ ሆድ ያቃጥላል፤ ውሃ ያጣ ሰውነትን ደግሞ የባሰ ያደርቃል። ቀጠን ያለ የዝንጅብል ሻይ ማቅለሽለሹን ሊያስታግስ ይችላል፤ ለአዋቂ እሱ ይበቃል። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነውና። የሆድ ቫይረስ ሰውን የሚገድለው ውሃና ጨው በማሟጠጥ ነው። እኛ ደግሞ የምንተካው በለስላሳ ነው። ለስላሳ ስኳሩ ብዙ፣ ጨው ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስኳሩ ሲበዛ ከሰውነት ውሃ ወደ አንጀት ይስብና ተቅማጡን ያባብሰዋል። አንጀታችን ግድግዳ ላይ ጨውና ግሉኮስ ተያይዘው የሚገቡበት በር አለ። ውሃም እነሱን ተከትሎ ይገባል። ሰው እየታመመም ይህ በር ይሠራል። ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የግሉኮስ ዱቄት፣ የተሠራው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ፣ በስደተኞች ካምፕ ኮሌራ ገብቶ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅባቸው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይህንኑ ውህድ በአፍ እየሰጡ ብዙ ሰው አትርፈዋል።

ፋርማሲ ከተዘጋ ቤት ማዘጋጀት ይቻላል። 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። የ1 ሊትር ሃይላንድ ለልክ ይመቻል። ጨው ማብዛት አደገኛ ነው። የተገዛውንም ቢሆን ከፓኬቱ ቆንጥሮ በስኒ መበጥበጥ ልክ አይደለም፤ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ሙሉውን ነው። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ልጁ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ በማንኪያ ቀጥሉ። እህቴ ተጨንቃ አንድ ብርጭቆ ሙሉ በአንዴ አጠጣችው። ግማሹ እኔ ላይ መጣ።

"ሆዱ ይረፍ" ብሎ ማስራብም አለ። የሚጠባ ሕፃን ጡት መጥባቱን ይቀጥላል። ትልቁም ምግብ ሲያስኘው ይብላ። እዚህ እኛ ጋ ቡላ አለልን፤ ቀጠን ያለ የቡላ አጥሚት ጉልበት ይሰጣል፣ ሆድም አይከብድም። ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝም ጥሩ ናቸው። በነገራችን ላይ፣ ያልበሰለ ሙዝ ተቀቅሎ ሲሰጥ ተቅማጥ የቆየባቸውን ሕፃናት እንደረዳ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የባንግላዴሽ ጥናት አሳይቷል። የማይፈጨው ስታርች ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ይለውጡትና አንጀቱ ውሃና ጨው መልሶ እንዲመጥ ያግዛል። ምግብ የሚያግዘው እንዲህ ነው እንጂ ቫይረስ በመግደል አይደለም። ለልጅ ከኦአርኤሱ ጋር የዚንክ እንክብል ጠይቁ፤ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20፣ ከ10 እስከ 14 ቀን።

እርጎ? የሚስማማው ይብላ። በፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ ባለበት) እንክብል ላይ ግን ብዙ ብር አታፍስሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካና በካናዳ የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ሆዳቸውን ለታመሙ ልጆች ጥቅም አላገኙበትም።

የሐዋሳ ልጆች ይህቺን አትወዷትም። ሐይቁ ዳር ባለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ጥሬ አሳ በሎሚና በሚጥሚጣ እየበላን "ሎሚው አብስሎታል" እንላለን። ሎሚ የአሳውን መልክ ይቀይራል እንጂ እንደ እሳት አይሠራም። በቆሸሸ እጅ ወይም ውሃ የመጣ ቫይረስ ካለበት ሎሚ ተጨምቆበታል ብሎ አይሄድም። የአሳ ሾርባውን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እጅ ካነሳን አይቀር፣ ሳኒታይዘር ለኖሮቫይረስ ደካማ ነው። ሳሙናና ውሃ ይሻላል። የታመመ ሰው ደግሞ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 2 ቀን ምግብ አይሥራ። አክስቴ ገና ሳይሻላት ተነስታ አጥሚት ልትሠራ ማማሰያ ስትይዝ በግድ ነው የነጠቅናት። ተቆጥታን ነበር።

"አሜባ ነው" ብሎ አንቲባዮቲክ መዋጥም ቫይረስ ላይ ዋጋ የለውም። የተቅማጥ ማስቆሚያ እንክብልም ለሕፃን አይሰጥም። የሕፃናትን ሆድ የሚያበላሸውን ሮታቫይረስን ለመከላከል ግን ክትባት አለ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በ6ኛና በ10ኛ ሳምንት በአፍ ይሰጣል።

ሰገራው ደም ካለው፣ የልጁ ዓይን ከጎደጎደ፣ ሽንት ካቆመ፣ ከፈዘዘ ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ፌጦም ቡላም ይቆይ። ሌሊትም ቢሆን የተገኘውን ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ኦአርኤሱን መንገድ ላይም በማንኪያ እየሰጣችሁ።