ኮርቻ ላይ ፍርሃት ሲይዛችሁ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ፈረስ ላይ መፍራት ነውር አይደለም። የተቀመጣችሁት አምስት መቶ ኪሎ ያህል በሚመዝን፣ የራሱ ሐሳብና የራሱ ፍርሃት ባለው እንስሳ ጀርባ ላይ ነው። መሬቱም ሩቅ ነው። ጤነኛ ሰው ቢፈራ አይገርምም። እኔን የሚያሳስበኝ ፍርሃቱ ሳይሆን ሰው እሱን ለማባረር ሲል የሚያደርገው ነገር ነው። ጀማሪዎችን ሳስተምር እነዚሁን ስህተቶች አያለሁ፤ ብዙዎቹ ደግሞ ከሌላ ሰው ምክር የመጡ ናቸው።

«ደህና ነኝ» ማለት

እጁ ዛቡ ላይ እየተንቀጠቀጠ «ምንም አልሆንኩም፣ እንቀጥል» የሚል ተማሪ በጣም ያሳዝነኛል። አሠልጣኙ ካላወቀ ሥራውን ያከብድባችኋል። «ዛሬ ሶምሶማው አስፈርቶኛል» ማለት ይበቃል። ከቻላችሁ ደግሞ ምኑ እንዳስፈራችሁ ለዩት። ፍጥነቱ ነው? መውደቁ ነው? ሰው እያየኝ ነው ማለቱ ነው? ሦስቱ ለየቅል ናቸው፣ መፍትሔያቸውም እንደዚያው።

ትንፋሽ መያዝ

ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆማል። ከዚያ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። ጉልበቱ ኮርቻውን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ተረከዙ ወደ ላይ ይሳባል፣ ወገቡ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ዐይኑ ጋማው ላይ ይተከላል።

አሁን ነገሩን ከፈረሱ በኩል እዩት። ተረከዝ ጎኑን ሲጫነው «ሂድ» ተብሏል። ዛቡ ሲሳብ «ቁም» ተብሏል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጡበት። አንገቱን ሽቅብ ያነሣል፣ ጀርባውን ያደነድናል፣ እርምጃው አጭርና ፈጣን ይሆናል። ጋላቢው «ሊፈረጥጥብኝ ነው» ብሎ ይብስ ይጨብጣል። ፈረሱም ይብስበታል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የስዊድን ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ሰዎች ፈረስ እየመሩ ወይም እየጋለቡ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው አራት ጊዜ ይሄዳሉ። አራተኛው ላይ ጃንጥላ በድንገት እንደሚከፈት ተነገራቸው። ጃንጥላው ጭራሽ አልተከፈተም። የሰዎቹ የልብ ምት ግን ጨመረ። ስለ ጃንጥላው ምንም የማያውቁት የፈረሶቹ የልብ ምትም ጨመረ።

ስለዚህ ሥራው ከትንፋሽ ይጀምር። በፈረሱ እርምጃ እየቆጠራችሁ በአራት አስገቡ፣ በስድስት አስወጡ። ማስወጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም፤ ልብን የሚያረጋጋው እሱ ነው። መቁጠሩ ካስቸገረ አውሩ ወይም ዝፈኑ፤ እየዘፈነ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው የለም። አንዲት ተማሪዬ ሶምሶማ በተጀመረ ቁጥር ድርቅ ትል ነበር። አንድ ቀን ሜዳውን እየዞረች ስለ ልጆቿ እንድታወራኝ ጠየቅኋት። ስለ ታናሽየው ተንኮል እያወራች ሳቀች። ወዲያው ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ትከሻዋም ወርዶ ነበር፤ እሷ ግን አላወቀችም።

ወድቆ ወዲያው ተመልሶ መውጣት

ይህን ምክር ስሰማ ደሜ ይፈላል። «አሁኑኑ ካልወጣህ ፍርሃቱ አጥንትህ ውስጥ ይገባል» ይባላል። አባት ለልጁ ይለዋል፣ አሠልጣኝ ለተማሪው ይለዋል፣ አጥር ላይ የተደገፈ ሁሉ ይለዋል።

አንድ ታዳጊ ከመሰናክል ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። ብድግ አለ፣ አቧራውን አራገፈ። በዙሪያው የነበሩት አጨበጨቡና «ጎበዝ! ውጣ፣ ውጣ!» አሉት። ልጁ ዛቡን በእጁ ይዞ «ፈረሴ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። ነገሩት። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ደግሞ ጠየቀ። አንድ እግሩን እርካብ ውስጥ አስገብተውለት ነበር። አስወረድኩት፣ ሐኪም ዘንድም ተወሰደ። መንገድ ላይ አስመለሰው።

የአንጎል መናጋት ምልክቱ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት፣ ሚዛን መሳት፣ የብርሃን መረበሽ ካለ ወይም ጭንቅላቱ ተመትቶ ከተጠራጠራችሁ በዚያን ቀን ኮርቻ የለም። ሐኪም ይየው። በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ሄልሜቱም ምት ካገኘው ይቀየር፤ ከላይ ስንጥቅ ባይታይበትም ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ በኋላ እንደ ድሮው አይከላከልም።

አካሉ ደህና የሆነውስ? እሱም ቢሆን አይገደድ። እየተንቀጠቀጠ፣ እንባ እየተናነቀው ቢወጣ ሰውነቱ የሚማረው ድፍረትን አይደለም፤ ኮርቻ ማለት ጭንቀት ማለት እንደሆነ ነው። እሱ ራሱ ከፈለገ ሰው ፈረሱን ይዞለት በእርምጃ ትንሽ ይዙርና ይውረድ። ካልፈለገ ፈረሱን ይቦርሽ፣ በእግሩ እየመራ ያናፍሰው፣ ነገ ይምጣ። ፈረሱ የትም አይሄድም።

ሳትረሱ ደግሞ ለምን እንደወደቀ አጣሩ። የኮርቻው የሆድ ጠፍር ላልቶ ነበር? ፈረሱ ደንብሮ ነው? እርካቡ ወልቆበት ነው? ምክንያቱ ያልታወቀ አወዳደቅ ነው ሰውን ለወራት የሚያስፈራው።

«አብረን እንማራለን» ብሎ ያልተገራ ፈረስ መያዝ

ፈሪ ጋላቢና ፈሪ ፈረስ አንድ ላይ አይሆኑም። ዕድሜው የገፋ፣ ብዙ ያየ፣ ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር የማይደነብር ፈረስ ፈልጉ። አለቀ።

ድፍረት እስኪመጣ መጠበቅ

ቤት ተቀምጦ ድፍረት አይመጣም። ፍርሃቱን ዘልሎ መሄድም አይሆንም። የሚያስፈራውን ቆራርሱት። ግልቢያው፣ ማለትም ከሶምሶማ የሚፈጥነው ሩጫ፣ ካስፈራ ረጅም ሶምሶማ ሥሩ፤ እሱ ሲሰለቻችሁ በሜዳው ረጅም ጎን ላይ ብቻ ጥቂት የግልቢያ እርምጃ ጨምሩና ወደ ሶምሶማ ተመለሱ። በፈረሱ አንገት ላይ የቆዳ ጠፍር እሰሩ፤ ስትደነግጡ ዛቡን ከመጎተት እሱን ያዙ። የፈረሱ አፍ ይድናል፣ እናንተም ሚዛን ታገኛላችሁ።

በአንድ ዛብ ማቆምንም ተለማመዱ፤ አንዱን ዛብ ቀስ አድርጎ ወደ ጭን በመሳብ ፈረሱን ክብ እያጠበቡ ማቆም። በእርምጃ ጀምሩ፣ ሰውነታችሁ እስኪያውቀው ደጋግሙት። ፈረሱ በሙሉ ፍጥነት እየበረረ ሳለ ግን በድንገት አትጠምዝዙት፣ ሊወድቅ ይችላል። ማቆም እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ፍርሃቱ በግማሽ ይቀላል።

ለድፍረት ብሎ መጎንጨት፦ በፍጹም።

የውድድር ቀን

እዚህ ላይ ሜዳ ላይ ጀግና የነበረው ሰው ሐሞቱ ፍስስ ይላል። ትልቁ ስህተት «ተረጋጋ፣ ተረጋጋ» እያሉ ከራስ ጋር መታገል ነው። ልብ ድው ድው እያለ ዝም በል ቢሉት አይሰማም። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት፣ ከመዝፈናቸው፣ ንግግር ከማድረጋቸው ወይም የሒሳብ ፈተና ከመሥራታቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች የተሻለ ሠርተዋል። ተማሪዎቼን በሩ ላይ «ጓጉቻለሁ» አስብላቸዋለሁ፣ ጮክ ብለው።

በዚያን ቀን አዲስ ልጓም፣ አዲስ ኮርቻ፣ አዲስ ጫማ አይሞከርም። መሞቂያ ሜዳ ላይም ፈረሱን አድክማችሁ አትግቡ፤ ፍርሃታችሁን በእሱ እግር ልታወጡት አትሞክሩ።

አንድ ነገር ሲበላሽ «በቃ፣ አለቀልኝ» ማለትም አለ። በድሬሳጅ፣ ማለትም ፈረሱ የታዘዘውን እንቅስቃሴ በዳኞች ፊት በሥርዓት በሚያሳይበት ውድድር፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለብቻው ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። አንዱ 4 ቢያገኝ ቀጣዩ 7 ሊያገኝ ይችላል፤ እናንተ ግን ያለፈውን እያሰባችሁ ቀጣዩን ታበላሹታላችሁ። በዝላይም ከመሰናክሉ አንድ ግንድ ቢወድቅ 4 የቅጣት ነጥብ ነው፣ ፈረሱ አንዴ አልዘልም ብሎ እምቢ ቢልም 4 ነው። ዐይናችሁን ወደ ቀጣዩ መሰናክል ውሰዱ።

ሰው ሲያያችሁ የምትፈሩ ከሆነ ከውድድሩ በፊት ጓደኞቻችሁን ጋብዙ። ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ አንዱ ዳኛ ይሁን፣ ደወል ይደወል። ማታ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ስትለማመዱም ሁሉም ሲሳካ ብቻ አትዩ። ፈረሱ ሲደነብር፣ እናንተም ትንፋሻችሁን አውጥታችሁ ወደ መስመሩ ስትመልሱት እዩ።

ከአጥር ውጭ ለቆማችሁት

«አትፍራ!» ብላችሁ አትጩኹ። ልጁ ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። የሚሠራ ነገር ስጡት፦ «ትንፋሽህን አውጣ»፣ «ተረከዝህን ዝቅ»፣ «ወደ በሩ ተመልከት»። እሱንም ቢሆን አሠልጣኙ ብቻ ይበለው። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጮህበት ጋላቢው የማንንም አይሰማም፣ ፈረሱም ጆሮውን ወደ ጩኸቱ ያዞራል።