የሲሚንቶ አቧራን በኤሌክትሪክ ዳሳሽ መከታተል

በድሬዳዋ ባለ የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ አቧራን በጨርቅ ከረጢቶች ከሚይዘው የከረጢት ማጣሪያ ቀጥሎ ባለው የብረት ቱቦ ውስጥ የሚገባው የዳሳሽ ዘንግ፣ የአቧራ ቅንጣቶች ሲነኩት ወይም በአጠገቡ ሲያልፉ የሚፈጠረውን እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይለካል። ዘንጉን ከመግጠምዎ በፊት ማራገቢያውን አስቁመው የኃይል ማብሪያውን በቁልፍ ይዝጉ፤ ቱቦው እስኪቀዘቅዝም ይጠብቁ። ሲሚንቶ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ስለሚያቃጥል፣ በድሬ ሙቀት እንኳ ጓንትና መነጽር አያውልቁ። ቱቦውን ከመሬት ሽቦ ጋር በሚገባ ያያይዙ፤ ንባብ ሲዘበራረቅ በእኔ አስተያየት ከዳሳሹ በፊት መፈተሽ ያለበት ይኸው ሽቦ ነው።

ከረጢቶቹ በታመቀ አየር ሲራገፉ ንባቡ ለአፍታ ከፍ ብሎ ቢመለስ ችግር የለውም፤ ከፍ እንዳለ ከቀረ ግን የተቀደደ ከረጢት ይፈልጉ። በሜትር ኩብ አየር ስንት ሚሊግራም አቧራ እንደሚወጣ ለማወቅ የዳሳሹ ንባብ፣ ከጭስ ማውጫው ከተወሰደና ከተመዘነ የአቧራ ናሙና ጋር መመሳከር አለበት።