ሐረጎን የምትወጣ ትንሽ ባቡር፦ በአንድ ጣውላ ላይ ያረጀ መስመር ማቀድ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ከሥራ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት መደርደሪያ ላይ አንድ ጣውላ አለ። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። እሱ ላይ አንዲት ያረጀች የምትመስል ሞዴል ባቡር ትመላለሳለች። ቴሌቪዥን ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ሳያያት አይወጣም። «እንዴት ነው የሚጀመረው?» የሚለኝ ስለበዛ እነሆ።

መጀመሪያ ሐዲድ አትግዙ። እርሳስም አታንሱ። መስመሩ ለምን እንዳረጀ አስቡ። ምክንያቱን ካላወቃችሁት ዝገቱን የት እንደምትቀቡ፣ ሣሩን የት እንደምታበቅሉ አታውቁም።

የእኔ ይኸውላችሁ። ደሴ ባቡር ገብቶባት አያውቅም። ኮምቦልቻ በኩል የሚያልፈው አዲሱ የአዋሽ–ወልድያ ሐዲድ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። የጥንቱ የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር 1000 ነበር። እኔ በሐሳቤ የዘረጋሁት ከዚያም የጠበበ ነው፤ 750 ሚሊ ሜትር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ይወጣል። እህል እያወረደ፣ ጨው እያወጣ ኖረ። በኋላ የጭነት መኪና ሥራውን ወሰደበት። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይሠራል። ያለችው ጥቂት ገንዘብ ባቡሩ ለሚሄድበት ሐዲድ ትውላለች፤ ሌላው ለሣርና ለዝናብ ተትቷል።

ዳገቱንም አስሉት። ከኮምቦልቻ ደሴ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የከፍታው ልዩነት ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። በየመቶ ሜትሩ 2.4 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ይህን የምትወጣ ትንሽ ባቡር ብዙ ፉርጎ አትጎትትም። ስለዚህ የእኔ ሁለት ወይ ሦስት ብቻ ነው የምትጎትተው። ቦታ ለጠበበው ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ትልቅ እፎይታ ነው።

የመረጥኩት መጠን 1 ለ 87 ነው፤ እውነተኛው የሞዴሉ 87 እጥፍ ነው ማለት ነው። ሐዲዱ ግን ኤን ለሚባለው ለትንሹ የባቡር ሞዴል የሚሸጠው፣ ስፋቱ 9 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ዘጠኝን በ87 ብታባዙ 783 ይመጣል፤ ለ750 በቂ ነው። እዚህ አገር ስለማይገኝ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ አመጣልኝ፦ ጥቂት ሐዲድ፣ ሁለት መቀየሪያ (ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግር) እና አንድ ትንሽ ሞተር ያለው ጎማ። የባቡሩንና የፉርጎዎቹን አካል ከካርቶን ሠራሁ። በዚህ ሐዲድ ላይ ከሥር የተጋደሙት እንጨቶች ለ1 ለ87 በጣም ያነሱና የተጠጋጉ ናቸው። አይጨንቃችሁ፤ አፈር ይውጣቸዋል። ያረጀ መስመርም እንጨቱ አይታይም።

አሁን ንድፉ። በመጀመሪያው ሙከራዬ ክብ አድርጌ ዘርግቼ ነበር። ጠባቡ ኩርባ እንኳ ግማሽ ሜትር ወርድ ስለሚፈልግ ጣውላው አልበቃም፤ ሁለት ወር ባከነ። መፍትሔው እንግሊዛዊው አለን ራይት ያወጣው፣ ኢንግልኑክ የሚባለው አሠራር ሆነ። ሦስት ማቆሚያ ሐዲድ አለ። አንዱ ሦስት ፉርጎ፣ ሁለቱ ሁለት ሁለት ይይዛሉ። ሁሉም የሚገናኙበት ሐዲድ ደግሞ ባቡሩንና ሁለት ፉርጎ ይይዛል። አምስት ፉርጎዎች አሉ። ከእነሱ ሦስቱን ዕጣ በወጣው ቅደም ተከተል አሰልፉ፤ ጨዋታው ይኸው ነው። የሚወጣው ሰልፍ 60 ዓይነት ነው። (የራይት ትልቁ ስምንት ፉርጎ ኖሮት አምስቱ ይሰለፋሉ፤ እሱ 6720 ይደርሳል።)

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ፉርጎ 7፣ ባቡሯ 9 ሴንቲ ሜትር። መገናኛው 25፣ ሁለቱ መቀየሪያ 24፣ ረጅሙ ማቆሚያ 25። ድምሩ 74። የቀረውን 46 በሐዲድ አትሙሉት! ሜዳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ ይሁን። ይህን ሁሉ መጀመሪያ በካርቶን ላይ በትክክለኛው ልክ ሣሉትና የክብሪት ቀፎ እየገፋችሁ አንድ ሳምንት ተጫወቱበት። ያልተመቻችሁን ያኔ ታውቁታላችሁ።

ሐዲዱን ውሃ ልክ አስይዙት፤ ዘንበል ካለ ፉርጎው ራሱ ይንከባለላል። ዳገቱን መሬቱ ያሳይ። 8 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በሞራሌ ላይ መታሁ። ከሐዲዱ ኋላ ገደል አቆምኩ፣ ከፊት መሬቱን በ4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደረግሁ። ወዲያው ሐረጎን መሰለ።

አፈሩ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ከጦሳ ተራራ ሥር ያመጣሁትን አፈር በሻይ ማጥለያ ነፍቼ በውሃ በቀጠነ ኮላ ለጠፍኩት። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተንቋቋና ቆመ። ፈትቼ ሳየው ማግኔቱ ላይ ጥቁር ብናኝ እንደ ጢም ቆሟል። የእኛ ተራራ እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ ነው፤ አፈሩ ውስጥ ብረት አለ። አሁን የአሮጌ ስፒከር ማግኔት በወረቀት ጠቅልዬ አፈሩ ላይ ደጋግሜ አመላልሳለሁ፣ ምንም እስከማይዝ።

ለቆርቆሮ ጣሪያ የቅማል ማበጠሪያ ፈልጉ። ቀጭን የአሉሚኒየም ፎይል ጥርሱ ላይ አድርጋችሁ በጥፍር ጫኑት፤ ሽንትሩ ልክ ይመጣል። ዝገቱን ግን ሁሉም ላይ አትቀቡ። ቆርቆሮ የሚዝገው ከምስማሩ ዙሪያና ከተደራረበበት ጠርዝ ጀምሮ ነው። ጥቁር ቡናማው የቆየ፣ ብርቱካናማው አዲስ ዝገት ነው።

ሣሩ ቃጫ ነው፤ ሦስት ሚሊ ሜትር አድርጌ ቆርጬ ቀለም ነከርኩት። ባቡሯ ዘወትር በምትቆምበት ቦታ ሣር አትትከሉ፤ ዘይት ያንጠባጠበበት መሬት ጠቁሮ ራቁቱን ይቀራል። ከአንዱ ማቆሚያ ጫፍ አልፎ ግን ኤሌክትሪክ የማይደርሰው አንድ ስንዝር የሞተ ሐዲድ አስቀሩ። አናቱም ጭምር ይዛግ፣ ቁልቋል ይዝጋው። የሚሠራውን ሐዲድ ጎኑን ብቻ ቀቡና አናቱን በላጲስ አጽዱ፤ አለዚያ ሞተሩ ኤሌክትሪክ አያገኝም።

መብራት ሲጠፋ ጨዋታው እንዳይቆም የምጠቀመው ባለ 12 ቮልት ድፍን (አሲድ የማይጨመርበት) የሞተር ሳይክል ባትሪና የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የ1 አምፒር ፊውዝ ግዴታ ነው፤ ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ ሽቦ ቢያገናኝ ባትሪው ያለ ፊውዝ ሽቦውን ያቀልጠዋል። ጣውላውን ከደረታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ያኔ ባቡሯን ከጎን፣ ጣቢያው ላይ እንደቆመ ሰው ታዩዋታላችሁ።