ብቻን መሆን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ብቻን መሆንን በሥርዓት ያውቀዋል። የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ አዲስ ቅኔ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ዛሬ የባሕር ዳር የባንክ ሠራተኛም የደብረ ማርቆስ ተማሪም «ትንሽ ብቻዬን ልሁን» ይላሉ። ደግ አሰቡ፤ የሚያበላሹት አያያዙን ነው።

መመለሻን ሳይቆርጡ መውጣት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ቆጠራ የወጣው ተማሪ የቅኔው ዓይነት ጉባኤ ቃና ከሆነ ሁለት ቤት (ስንኝ)፣ መወድስ ከሆነ ስምንት ቤት ይዞ መመለስ አለበት። ሲመለስ ደግሞ ነገራ አለ፤ መምህሩ ወይም አስነጋሪው ሰምቶ አገባቡ የተፋለሰውን፣ ምሥጢሩ የጎደለውን ያርመዋል። ጫካ ውስጥ ያማረ የመሰለ ቅኔ ነገራ ላይ ሲፈርስ ብርቅ አይደለም። ሐሳብም እንደዚያው ነው፤ ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል? «ሥራዬን ልልቀቅ»፣ «ትዳሬን ልፍታ»፣ «በሬዎቹን ልሽጥ» የሚለው ውሳኔ ብቻዎን ሳሉ እንከን አይወጣለትም።

ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገር ይቁረጡ፦ ስለ ምን ጉዳይ እንደሚያስቡ፣ መቼ እንደሚመለሱ፣ ሲመለሱ ለማን እንደሚነግሩ። ከባድ ውሳኔ ከሆነ ነግረውም ሁለት ሦስት ቀን ያሳድሩት።

ኩርፊያን ጽሞና ብሎ መጥራት

ከወንድሙ ተጣልቶ ጓዳ የገባ ሰው አኩርፏል እንጂ ጽሞና አልያዘም። ሲገባ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ የሚለዩት ሲወጣ ነው። ከጽሞና የወጣ ሰው ቡና ሲጠሩት ደስ ይለዋል፤ ያኮረፈው ግን ገና በር ሲንኳኳ ይከፋዋል። ጠብ ካለ ሽማግሌው ይቅደም።

ስልክ ይዞ «ብቻዬን ነኝ» ማለት

ቴሌግራምና ቲክቶክ የተከፈተበት ክፍል ገበያ ነው። ግን መዝጋቱ ቀላል እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ2014 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ምንም ሳያስይዙ ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ አስቀመጡ። ከ18 ወንዶች 12ቱ ዝም ብሎ መቀመጡ ከብዷቸው አጠገባቸው በነበረው ቁልፍ ራሳቸውን በኤሌክትሪክ ነዘሩ። (ሴቶቹ ይሻላሉ፤ ከ24ቱ 6 ብቻ ናቸው።)

መጀመሪያ ቀን ቢቁነጠነጡ ታዲያ ምን ይገርማል? በቀን 15 ደቂቃ ይጀምሩ፤ ከሳምንት በኋላ ወደ ግማሽ ሰዓት ያሳድጉት። ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥተው ሰዓቱን በእጅ ሰዓት ይቁጠሩ። እጅ የሚይዝ ነገር ይረዳል፦ ፈትል፣ ሰፌድ፣ ምስር መልቀም። ይህች አጭር ጊዜ የጋለ ስሜትን ታበርዳለች፣ ንዴቱንም ደስታውንም። ለተናደደ ሰው መድኃኒት ናት፤ ሠርግ ሊጨፍር ለተነሣ ግን አትመከርም።

አንድ ቂም ሲያመነዥጉ መዋል

ያው ሐሳብ ሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ ይነሡና ይራመዱ፣ ወይም ወረቀት ላይ ያውርዱት። «ለምን እንዲህ አደረገኝ?» የሚለውን ሰርዘው «ነገ ምን ላድርግ?» ብለው ይጻፉ። መልስ ካጡለት የብቻ ሥራ አይደለምና ለሰው ያካፍሉት።

በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ብርዱ ሲጠና በር ዘግቶ ምድጃ ማቀፍ የታወቀ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ያሳምማል፣ ያጥወለውላል፣ ከዚያ ያደነዝዛል። ሰው አብሮ ካለ አንዱ ቀድሞ ነቅቶ በር ሊከፍት ይችላል፤ ብቻውን ያለ ሰው ግን መደንዘዙን የሚነግረው የለም። እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካዊው አድሚራል ሪቻርድ ባይርድ ክረምቱን በአንታርክቲካ ብቻውን ሊያሳልፍ ገብቶ በዚሁ ጋዝ ሊሞት ነበር። የተረፈው ጓደኞቹ በሬዲዮ የሚልከው መልእክት መዘበራረቁን አስተውለው ስለደረሱለት ነው።

ከሰሉን ውጭ ያቀጣጥሉ፤ ቤት ሲያስገቡም መስኮት ገርበብ ይበል። አመድ የለበሰ ፍምም ጋዙን አያቆምምና ሳይተኙ በፊት ያውጡት።

ሱባኤ ሲገቡ መድኃኒት ማቋረጥ

የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፤ ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ ምድጃ ላይ ወይም ውኃ ውስጥ ቢወድቅ የሚያነሣው የለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ከዋለ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ አቡነ ጳውሎስም ፓትርያርክ ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። የሰባቱን ቀን መድኃኒት ቆጥረው ይያዙ፤ ስለ ጾሙ ሐኪምዎንና የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ።

ቦታውን ሳይጠይቁ መሄድ

የጣና ሐይቅ ደሴት ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ጀልባ ተከራይቶ ከደጅ መመለስ ያሳዝናል። ገዳም ጸጥ ያለ ቢሆንም ማኅበር ነው፤ ደወልና ሥርዓት አለው። ጮቄ ለመውጣት ጠዋት ይነሡ፤ ጉሙ ሲወርድ መንገድ ይጠፋል። የአካባቢውን ጸጥታ የሚያውቀው ነዋሪው ነውና ሳይጠይቁ ብቻዎን ጫካ አይግቡ።

ያልመረጡትን ብቸኝነት ዝም ብሎ መቻል

ልጆቿ ከተማ የቀሩባት እናት፣ ከቤተሰብ ርቆ ቤት የተከራየ ተማሪ ብቻቸውን የቀሩት ወደው አይደለም። ይህ ጤና ይጎዳል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች እስረኛን እንኳ በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለብቻው፣ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ማቆየትን ይከለክላሉ። ለእነዚህ ሰዎች ተጨማሪ ጽሞና አይታዘዝም፤ ሳምንታዊ ዕድርተኛ ጠያቂ፣ የሰንበቴና የማኅበር ተራ ይሻላቸዋል።

እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላትና ሐዘን ሁለት ሳምንት ካለፋቸው፣ ወይም የሌለ ድምፅ መሰማት ከጀመረ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ወደ ሆስፒታል ይልኩዎታል። ሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አይጠብቁ፦ ሰው ጠርተው አብሮዎ ይደር፣ ቤት ያለውን የተባይ መድኃኒት ጎረቤት ወስዶ ያስቀምጥልዎት፣ ሲነጋ አብሮዎ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።