በጉንፋን የታፈነ አፍንጫን በዕፅዋት ማቅለል

ጉንፋን ሲይዘን አፍንጫችን የሚታፈነው በንፍጥ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በውስጠኛው ሽፋን ያሉት የደም ሥሮች ስለሚያብጡም ጭምር ነው። ዕፅዋት ቫይረሱን አያጠፉም፤ ሰውነት እስኪያገግም ድረስ ግን ሕመሙን ሊያቀሉ ይችላሉ።

የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል እርጥብ ዝንጅብል ልጠው በስሱ ይክተፉና በሁለት ኩባያ ውኃ 10 ደቂቃ ያህል በዝግታ ያፍሉት፤ ከእሳት ካወረዱት በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ጨምረው ለ5 ደቂቃ ይክደኑት። መክደኑን ችላ አይበሉት፤ መዓዛውን የያዘው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ የሚጠፋ በመሆኑ፣ ክዳኑ ላይ ያቆረው ጠብታ ተመልሶ ወደ መጠጡ እንዲወርድ ያድርጉ። አጥልለው ለብ ሲል ማር ይጨምሩበት። ማር ሳልን ያስታግሳል፤ ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል በፍጹም አይሰጥም።

በናና ውስጥ ያለው ሜንቶል ቅዝቃዜን የሚለዩ ነርቮችን ስለሚያነቃ አፍንጫው የተከፈተ ይመስላል እንጂ እብጠቱን አይቀንስም፤ ያም ሆኖ እንቅልፍ ላጣ ሰው ይህ ስሜት ራሱ ትልቅ እፎይታ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት መርዛማ ስለሆነ አይጠጣም። ሕፃናትን በፈላ ውኃ እንፋሎት ማጠንም ለቃጠሎ ስለሚያጋልጣቸው ፈጽሞ አይመከርም።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዝንጅብል ከማዘውተሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተከሰተ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ።