ሚስቱ ያኮረፈችው አምላክ፦ የፑሪን የሠረገላ በዓል እስከ እርቁ ድረስ ለመከታተል

በህንድ ኦዲሻ ግዛት፣ በፑሪ ከተማ የሚከበረውን ራት ያትራ ለማየት የሚሄደው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱ ሠረገላዎች ሲጎተቱ አይቶ በማግስቱ ሻንጣውን ይሸክፋል። እንዲህ ያለ ሰው በዓሉን ገና መጀመሩ ነው። አምላኩ ጃጋናት ታሞ የሚተኛው ከዚያ ቀን በፊት ነው፤ ሚስቱ ላክሽሚ ተቆጥታ ሠረገላውን የምትሰብረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ደጅ ጠንቶ በጣፋጭ የሚታረቃት ደግሞ በመጨረሻው ቀን ነው። የፑሪ ምዕመን በዚህ ሁሉ የሚስቀው አምልኮውን አቅልሎት አይደለም። አምላኩን ቤተሰቡ አድርጎ ስለያዘው ነው።

በመጀመሪያ ቀኑን ያረጋግጡ። በዓሉ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይለዋወጣል። አሻዳ የሚባለው ወር ጨረቃ መሙላት በጀመረች በሁለተኛው ቀን ይውላል፤ በ2026 ለምሳሌ ጁላይ 16 ነው። ከመነሻው እስከ እርቁ 12 ቀን ይፈጃል። ያን ያህል መቆየት ካልቻሉ የመጨረሻዎቹን አራት ቀናት ይምረጡ፤ ጨዋታውም ጸሎቱም የሚበስለው ያኔ ነው። ማረፊያ ግን አስቀድመው ይያዙ።

ሂንዱ ያልሆነ ሰው ወደ ዋናው ቤተ መቅደስ አይገባም፤ በር ላይ ቆሞ መከራከርም አይጠቅምም። የሚገባው ደግሞ ስልኩን፣ ካሜራውንና ከቆዳ የተሠራ ነገሩን ሁሉ ውጭ ይተዋል። የሠረገላው በዓል ትልቅነት ግን አማልክቱ ራሳቸው ወደ መንገድ መውጣታቸው ነው፤ ያኔ ማንም ያያቸዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሳላቤጋ ከሙስሊም አባት የተወለደ የጃጋናት ገጣሚ ነበር፤ ዛሬም የጃጋናት ሠረገላ በመቃብሩ አጠገብ ሲደርስ ይቆማል።

ቀደም ብለው ከደረሱ ከስናና ፑርኒማ ይጀምሩ። በዚህ የሙሉ ጨረቃ ቀን አማልክቱ ከዋናው መንገድ በሚታይ ከፍ ያለ መድረክ ላይ በ108 ማሰሮ ውሃ ይታጠባሉ፦ ለጃጋናት 35፣ ለታላቅ ወንድሙ ባላባድራ 33፣ ለእህታቸው ሱባድራ 22፣ ለሱዳርሻና፣ ማለትም ለአምላኩ የተቀደሰ ክብ መሣሪያ፣ 18። ከመታጠቡ በኋላ ጃጋናትና ባላባድራ የዝሆን መልክ ለብሰው ይታያሉ፤ ያን ሳያዩ አይሂዱ። ቀጥሎ ጃጋናት ብርድ መትቶት ትኩሳት ይይዘዋል። ለ15 ቀን ያህል በር ተዘግቶ፣ ዳይታፓቲ የሚባሉት አገልጋዮች በፍራፍሬና በሥራሥር መድኃኒት ያስታምሙታል። በእነዚህ ቀናት «አምላክ እንዴት ይታመማል?» ብሎ የሚከራከር እንግዳ ያስቸግራል። ተገቢው ጥያቄ «ተሻለው ወይ?» የሚለው ነው፤ እዚያ ያለው ምዕመን የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

የሠረገላው ቀን በማለዳ ቦታ ይያዙ። አማልክቱ የሚወጡት ፓሃንዲ በሚባል አካሄድ ነው። አገልጋዮቹ ከባዱን የእንጨት ምስል ከትራስ ወደ ትራስ እያሻገሩ፣ ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዙ ይወስዱታል። በራሱ ላይ ያለው ትልቅ የአበባ ዘውድ በእያንዳንዱ እርምጃ ይንቀጠቀጣል፤ ነሐሱ ይመታል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ጃጋናት በዚህ ሰዓት እንደሚንጎራደድ ጎረምሳ ነው፤ ሕዝቡ እያለቀሰም እየሳቀም ያየዋል። ቀጥሎ የፑሪ ንጉሥ፣ ጋጃፓቲ፣ ወርቅ እጀታ ባለው መጥረጊያ የሠረገላዎቹን ወለል ይጠርጋል። ይህን ሲያዩ ዝም ይበሉ፤ ንጉሡ በአምላኩ ፊት ጠራጊ የሚሆንበት ሰዓት ነውና አይሳቅበትም።

የባላባድራ ሠረገላ 14 ጎማ፣ የሱባድራ 12፣ የጃጋናቱ ናንዲጎሻ 16 ጎማ አለው። ባላባድራ ይቀድማል፣ ጃጋናት ይከተላል። ገመዱን መሳብ እንደ በረከት ስለሚቆጠር ሁሉም ይሻማል፤ አደጋው ያለውም እዚያ ነው። ሠረገላው ፍሬን እንደሌለው ያስቡ። ፖሊሶች የከለሉትን አጥር አይለፉ፤ በገመዱና በጎማው መካከል አይግቡ፤ ጫማ ወይም ስልክ ቢወድቅብዎት ለማንሳት አያጎንብሱ። ልጅና አዛውንት ከያዙ ከመንገዱ ዳር ያለ ሰገነት ይከራዩ። በጁን 2025 የሠረገላዎቹ መድረሻ በሆነው በጉንዲቻ ቤተ መቅደስ አቅራቢያ ሰዎች በግፊያ ሞተዋል፤ መተላለፊያው ሲጠብብዎት ቶሎ ወደ ዳር መውጣት ይሻላል። ጉንዲቻ ከዋናው ቤተ መቅደስ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢርቅም ከመሸ ስለማይጎተት ሠረገላው መንገድ ላይ ሊያድር ይችላል።

ከሠረገላው ላይ በትር ይዞ የሚያዜመው ሰው ዳሁካ ይባላል። በጥንቱ ልማድ ነውር የሚባሉ ስንኞችን ካልወረወረ ሠረገላው አይንቀሳቀስም ይባል ነበር፤ አሁን የሚሰማው የለዘበው ነው። ግጥሙን ካልተረዱት አብረው ለመቀለድ አይሞክሩ። ጃጋናትን «ካሊያ»፣ ማለትም «ጥቁሩ» ብሎ ማቆላመጥና መገሠጽ አብሮት ላደገ ሰው ያምርበታል። ከእንግዳ አፍ የሚጠበቀው «ጄ ጃጋናት» ነው፤ ለማንም፣ በማንኛውም ሰዓት ይሠራል።

በአምስተኛው ቀን ሄራ ፓንቻሚ ነው። ጃጋናት ወንድምና እህቱን ይዞ ሲወጣ ላክሽሚን ትቷት ሄዷል። እሷም በምሽት በትከሻ በሚወሰድ ወንበር ተቀምጣ ወደ ጉንዲቻ ትመጣለች። በሩ ሲዘጋባት አገልጋዮቿ ከናንዲጎሻ ላይ አንዲት ቁራጭ እንጨት ይሰብሩላትና እሷ በጓሮ መንገድ ተደብቃ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ስብራቱ ቅጽበት ነው። ከጉንዲቻ በር ይልቅ በቆሙት ሠረገላዎች አጠገብ ከመምሸቱ በፊት ቦታ ይያዙ፤ አለዚያ የሰው ጀርባ አይተው ይመለሳሉ።

በመልሱ ጉዞ፣ ባሁዳ፣ ሠረገላው የጃጋናት አክስት ቤት በሚባለው ቤተ መቅደስ ጎራ ይላል፤ እዚያም ጃጋናት ፖዳ ፒታ የሚባለውን፣ ከሩዝ፣ ከጥቁር ምስር፣ ከኮኮናትና ከጥሬ ስኳር በቀስታ የተጋገረ ኬክ ይቀምሳል። በማግስቱ አማልክቱ በወርቅ ያጌጣሉ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀን እስከ አማልክቱ ከንፈር የሚደርሱ ረዣዥም ሸክላዎች በጣፋጭ መጠጥ ተሞልተው እዚያው ሠረገላው ላይ ይሰበራሉ። ይህ ለማይታዩ መናፍስት የተሰጠ ነው፤ ለመቅመስ እጅዎን አይዘርጉ።

የመጨረሻው ቀን ኒላድሪ ቢጄ ነው። ባላባድራና ሱባድራ ይገባሉ፤ ጃጋናት ተራው ሲደርስ ላክሽሚ በሩን ትዘጋበታለች። ከውስጥ የእሷ ወገኖች፣ ከውጭ የእሱ ዳይታፓቲዎች ቃል ይለዋወጣሉ፤ ልክ እንደ «አናስገባም ሰርገኛ» ነው፣ ሙሽራው ግን አጥፍቶ የመጣ ባል ነው። ለመማለጃ ራሳጎላ ያቀርብላታል፤ ከአይብ ተድቦልቡሎ በስኳር ውሃ የተቀቀለ ጣፋጭ ነው። ክርክሩ የሚካሄደው ከቤተ መቅደሱ ዋና በር ወደ ውስጥ ባለ በር ላይ ስለሆነ ሂንዱ ያልሆነ ሰው የሚያየው አማልክቱ ከሠረገላ ወርደው እስኪገቡ ድረስ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ኦዲሻ ውስጥ ራሳጎላ የማይበላበት ቤት ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ ስለሚያልቅ በጠዋት ይግዙ፤ በሙቀቱ ቶሎ ስለሚበላሽም ለነገ አያሳድሩት።